አሮጌ የመጫወቻ ተሽከርካሪዎችን ለጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ ማደስና መቀባት፦ ቀለሙ እንዳይላጥ ከመፍታት እስከ ቫርኒሽ

አሮጌ የመጫወቻ ጂፕ፣ የጭነት መኪና ወይም ታንክ ቀብተው ከጥቃቅን ወታደሮቻቸው ጋር የሚያሰልፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ አንድ ነው። ሥራው ባለቀ ቀን ያማረው ተሽከርካሪ ከሁለትና ከሦስት ጨዋታ በኋላ ጣሪያውና የጭቃ መከላከያው ጠርዝ ይላጣል፣ ከሥሩም የድሮው ቀይ ወይም ቢጫ ብቅ ይላል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቀለሙ አይደለም። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሞዴል ማንም አይነካውም፤ የጨዋታ ተሽከርካሪ ግን በአንድ ምሽት ብቻ በብዙ ጣቶች ይነሣል፣ ይገፋል፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ሳጥን ተጭኖ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚችለው ከሥሩ ያለው ገጽ በትክክል የተዘጋጀለት ቀለም ብቻ ስለሆነ፣ ከሚከተሉት ዘጠኝ ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀለም ከመነካቱ በፊት የሚሠሩ ናቸው። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ ደረጃ 4ንና ደረጃ 6ን ደግሞ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ጊዜ ያንብቧቸው።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን መምረጥና መመርመር

*መጠኑን ይለኩ።* የ28 ሚሊ ሜትር ወታደሮች በአብዛኛው ከ1:56 (ከእውነተኛው 56 እጥፍ ያነሰ) ተሽከርካሪ ጋር ይሰለፋሉ፤ የ20 ሚሊ ሜትሮቹ ከ1:72 ወይም ከ1:76፣ የ15 ሚሊ ሜትሮቹ ደግሞ ከ1:100 ጋር። ከመጫወቻው ሆድ ሥር ምጣኔው ካልተጻፈ የእውነተኛውን ተሽከርካሪ ርዝመት ለመጫወቻው ርዝመት ያካፍሉ። ለምሳሌ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፕ ርዝመቱ 3.33 ሜትር ያህል ነው። በእጅዎ ያለው ጂፕ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 333 ለ6 ሲካፈል 55.5 ስለሚሰጥ ለ28 ሚሊ ሜትር ወታደር ልክ ነው፤ 4.6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ለ1:72 ይሆናል። በስም ብቻ ተማምነው አይግዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመሩት የማችቦክስ ትናንሽ መኪኖች ለሳጥናቸው እንዲመጥኑ ሆነው የተሠሩ በመሆናቸው አውቶቡሱና የቤት መኪናው አንድ ምጣኔ የላቸውም። እኔ ለ28 ሚሊ ሜትር ከ1:50 እስከ 1:60 ያለውን እቀበላለሁ። 1:64 የሆነ የጭነት መኪናም ከሩቅ ያስኬዳል፤ 1:64 የሆነ ክፍት ጂፕ ግን ሾፌሩን ማስቀመጥ ሲሞክሩ ጉልበቱ ከመሪው በላይ ስለሚሆን ይተዉት።

*ቁሱን ይለዩ።* ማግኔት ያስጠጉ። ማግኔቱ ከያዘው አካሉ የቆርቆሮ ነው። ካልያዘውና ከባድ፣ ቀዝቃዛና ጠንካራ ከሆነ አብዛኞቹ የብረት መጫወቻዎች የሚሠሩበት የዚንክ ቅይጥ ነው። ከባድ ሆኖ ለስላሳ ከሆነና የተጋለጠው ቦታ ነጭ ወረቀት ላይ ሲታሽ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ ነው፤ እርሳስን በጓንት ብቻ ይያዙ፣ በደረቁ ከቶ አይፈትጉት። ፕላስቲክ ከሆነ በጥፍርዎ ይጫኑት፤ እንደ ሰም የሚያዳልጥና የሚለመጥ ከሆነ ቀለም የማይወድ ዓይነት ስለሆነ በደረጃ 6 የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል።

*የታመመውን ብረት ለይተው ያስቀሩ።* በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ የዚንክ መጫወቻዎች ቅይጡ ውስጥ የገባ ጥቂት የእርሳስ ብክለት ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ምልክቱ በቀለሙ ሥር የሚታይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ፣ የተነፋ ወይም የተጣመመ ጎን፣ ያለ ምክንያት የተሰበረ ጥግ ነው። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ ስቱኮም ሙጫም አያቆመውም። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ቀለሙን አውርጄ፣ ታጥቦ ደርቆ ካማረ በኋላ የኋላ ጎኑን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው እንደ ደረቅ ብስኩት ፍርክስ ብሎ እጄ ላይ ቀርቷል፤ ስንጥቆቹን መጀመሪያ ላይ አይቻቸው ነበር፣ የቀለም ስንጥቅ ናቸው ብዬ አልፌያቸው ነበር እንጂ።

*ዋጋ ያለውን አይንኩ።* የመጀመሪያ ቀለሙ ያልተነካና ሳጥኑ ያለው አሮጌ መጫወቻ እንደገና ሲቀባ ለሰብሳቢዎች ያለውን ዋጋ አብዛኛውን ያጣል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የተጫወቱበት፣ የተላጠና ጎማ የጎደለው ነው።

ደረጃ 2፦ የሥራ ቦታና ጥንቃቄ

የአሮጌ መጫወቻዎች ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ እርሳስን በሕግ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራውን ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ቆጥረው ይሥሩ። ስለዚህ አሮጌ ቀለምን በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉ፣ የወረደውን ቅርፊት በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው ይጣሉ፣ ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይሥሩ፣ ሕፃናትንም ያርቁ።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ኬሚካል የሚችል የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ ለቀለም ጭስ የሚሆን ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ አነስተኛ መሰርሰሪያ ከ1.6 እና ከ4 ሚሊ ሜትር መብሻ ጋር፣ ትንሽ ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ ጥሩ ሞረድ፣ ቁጥር 400፣ 600 እና 1000 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ያረጁ የጥርስ ብሩሾች፣ ክዳን ያለው የመስታወት ማሰሮ፣ የወረቀት ፕላስተር። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ የቲነር ሽታ አያቆምም፤ መስኮቱ ይከፈት።

ደረጃ 3፦ መፍታት

ሳይፈቱ የሚቀቡ ሰዎች ጎማውንና መስታወቱን በፕላስተር ሸፍነው ይሞክራሉ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ጎማ ላይ የፈሰሰ ቀለምና በስንጥቅ ውስጥ የቀረ አሮጌ ቀለም ነው። ይፍቱት።

1. ከስድስቱም ጎን ፎቶ ያንሡ። ሲገጥሙ የትኛው አክሰል ፊት እንደነበር ፎቶው ካልነገረዎት ማንም አይነግርዎትም።

2. አብዛኞቹ የዚንክ መኪኖች ሆዳቸው የተያያዘው ከአካሉ የወጣ ዘንግ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተቀጥቅጦ በተሠራ ሪቬት ነው። የሪቬቱን መሀል በሹል የብረት መውጊያና በቀላል የመዶሻ ምት ነጥብ ያድርጉበት። ነጥቡ ከሌለ መብሻው ተንሸራቶ ሆዱን ይቧጭራል።

3. የ1.6 ሚሊ ሜትር መብሻ ላይ ከጫፉ 5 ሚሊ ሜትር ርቀት የፕላስተር ቁራጭ ይጠቅልሉ፤ ፕላስተሩ ሪቬቱን ሲነካ ያቁሙ። ይህን ምልክት የዘለለ ሰው ጣሪያውን በስቶ ይወጣል። በዝግታ ይብሱ፣ በየጥቂት ሴኮንዱ መብሻውን አውጥተው ፍቅፋቂውን ያራግፉ።

4. በ4 ሚሊ ሜትር መብሻ የእንጉዳዩን ራስ ብቻ ያንሡ። ሆዱ ላላ ሲል ወዲያው ይተዉ። በካቻቪቴ አይፈልቅቁ፤ የማይነሣ ከሆነ በጠርዙ ገና ያልተቆረጠ ብረት አለና መብሻውን ሁለት ዙር ብቻ ይጨምሩ።

5. ቀዳዳው ለኤም 2 (2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው) ብሎን ልክ ስለሆነ በኤም 2 ጥርስ ማውጫ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያሉ አሁኑኑ ጥርስ ያውጡለት፤ ከቀለም በኋላ ካደረጉት የብረቱ ፍቅፋቂ የቀቡትን ይቧጭራል።

*ዘንጉ ከተሰበረ፦* ሁለቱን ስብርባሪዎች አይጣሉ። በመጨረሻ መልሰው ሲገጥሙ ሆዱን በሁለት ጠብታ ኤፖክሲ (ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚጠጥር ሙጫ) ያጣብቁታል። ብሎኑ ለወደፊት ጥገና ይመቻል እንጂ ግዴታ አይደለም።

የመስኮቱን ፕላስቲክ፣ ወንበሮቹን፣ ጎማዎቹንና ትናንሾቹን ስፕሪንጎች በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩ። ስፕሪንግ ያለው በር ሲፈቱ እጅዎን በግልጽ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ይሥሩ፤ የፈናጠረው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ አሮጌውን ቀለም ማውረድ

እዚህ የሚፈጸም ስሕተት ዕቃውን ራሱን ያጠፋልና ቁሱን ከለዩ በኋላ ብቻ ይጀምሩ።

*ለዚንክ አካል።* በቤንዚል አልኮል የተሠራ ወፍራም የቀለም ማስለቀቂያ ይምረጡ። ዳይክሎሮሜቴን ያለባቸው ዓይነቶች ቶሎ ቢሠሩም ጭሳቸው ሰው ገድሏል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለግል ተጠቃሚ እንዳይሸጡ ከልክላለች። ማስለቀቂያውን በአሮጌ ብሩሽ ወፈር አድርገው ይቀቡ፣ ዕቃውን በመስታወት ማሰሮ ውስጥ አድርገው ይክደኑ፣ ቀለሙ ተሸብሽቦ እስኪነሣ ይጠብቁ። በ20 ደቂቃ ካልተነሣ አይፋቁ፤ ጊዜ ይስጡት። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ፍቀው በውኃ ያጥቡ፤ በመስመሮች ውስጥ የቀረውን በስቴኪኒ ያውጡ፤ ካስፈለገ ሙሉውን ይድገሙ። ሁለት ዙር የተለመደ ነው፣ በላዩ ደጋግሞ የተቀባ መኪና አራት ሊወስድ ይችላል።

*ኮስቲክ ሶዳ አይጠቀሙ።* ለብረት ያገለግላል የሚለው ምክር ለዚንክና ለአሉሚኒየም አይሠራም። ኮስቲክ ሶዳ ዚንክን ራሱን ይበላል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ገጹንም ያጠቁረዋል። የራዲያተሩ ጥቃቅን መስመሮችና የበር እጀታዎች ቀድመው የሚጠፉት በዚህ ነው። በስሕተት ካደረጉት ዕቃውን በወረንጦ አውጥተው በሚፈስ ውኃ ለረጅም ጊዜ ያጥቡት፣ ጥቁሩን ገጽ በቁጥር 600 እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ያንሡት።

*ለጠንካራ ፕላስቲክ።* አሴቶንና ቲነር ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጡታልና ከቶ አያስጠጓቸው። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠቀሙ። በመጀመሪያ በሆዱ በኩል በጥጥ ለአሥር ደቂቃ ይፈትሹ፤ ገጹ ካልተጣበቀና ካልነጣ ሙሉውን ይንከሩት። ግልጽ የመስኮት ፕላስቲክን አይንከሩ፣ በጥቃቅን ስንጥቅ ሊሞላ ይችላል። ከብዙ ሰዓት በኋላም የማይወርድ ቀለም ካለና ጠርዙ በጥፍር የማይነሣ ከሆነ ይተዉት፤ በደንብ የያዘ አሮጌ ቀለም በውኃ ብርጭቆ ወረቀት ተሻክሮ ጥሩ መሠረት ይሆናል።

*እንደ ክሮም ለሚያብለጨልጩ የፕላስቲክ ክፍሎች።* ብልጭታውን ተራ በረኪና ያወርደዋል። በረኪናን ከአልኮል፣ ከአሲድ ወይም ከማስለቀቂያ ጋር በአንድ ዕቃ አያገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ደረጃ 5፦ ማጽዳትና መጠገን

1. በዚንኩ ላይ የቀረ ነጭ ዱቄት የዚንክ ዝገት ነው። በኮምጣጤ በራሰ የጥርስ ብሩሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፈትገው ወዲያው በብዙ ውኃ ያጥቡ። ኮምጣጤ ውስጥ ነክረው አይሂዱ፤ ጤነኛውንም ብረት መብላት ይጀምራል።

2. የመጣል ፍርምባዎችን፣ ማለትም ሁለቱ ሻጋታዎች የተገናኙበትን ቀጭን መስመር፣ በሞረድ ያስተካክሉ። መጫወቻ መሆኑን ከሁሉ በላይ የሚያሳብቀው ይህ መስመርና በሆዱ ላይ የቀረው የመሳቢያ መንጠቆ ነው።

3. የሚከፈቱ በሮችን ዘግተው ያጣብቋቸው። ክፍተቱን በኤፖክሲ ሊጥ ይሙሉ፤ ጣትዎን በውኃ ካራሱ አይጣበቅም። ትናንሽ ጉድጓዶችን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርገው የዳቦ ሶዳ ቢነሰንሱበት በቅጽበት ይጠጥራል፣ ወዲያውም ይሞረዳል። የሚሸት ጭስ ስለሚያወጣ ፊትዎን ያርቁ።

4. የጎደለ መድፍ በነሐስ ቱቦ፣ አንቴና በቀጭን የብረት ሽቦ ይተካል። የሽቦውን ጫፍ ያዶልዱሙት ወይም ያጣጥፉት፤ በጨዋታ ላይ ሁሉም ሰው ጎንበስ የሚለው ወደ ጠረጴዛው ነውና ሹል አንቴና ዓይን ይወጋል። ድንኳንና ሸራ ለመሥራት ለስላሳ ወረቀት በውኃ በቀጠነ ነጭ የእንጨት ሙጫ አርሰው እየሸበሸቡ ያስቀምጡ፣ በክር ይሰሩት፤ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይጠጥራል።

5. ጎማዎቹ ያለ ገደብ ከዞሩ በኮረብታ ላይ የቆመው ተሽከርካሪ ራሱን ይሄዳል። በመጨረሻ መልሰው ሲገጥሙ አክሰሉን በአንድ ጠብታ ሙጫ ማቆም እንዳለብዎ ከአሁኑ ልብ ይበሉ። የአሮጌ ለስላሳ ጎማዎች ውስጥ ያለው ማለስለሻ የፕላስቲክ ቸርኬዎችን ሊያቀልጥ ስለሚችል ተጣብቀው ካገኟቸው ሁለቱንም ይቀይሩ።

6. ሁሉንም በለብታ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጥበው ያለቅልቁ፤ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ገጹን በባዶ እጅ አይንኩ። የጣት ቅባት አይታይም። የመጀመሪያዬን ጂፕ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ኮፈኑን በአውራ ጣቴ ይዤ አዙሬው ነበር፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ቀለሙ የተነሣው ኮፈኑ ላይ ብቻ ነው፣ የተላጠውም ቦታ የአውራ ጣት ቅርጽና መጠን ነበረው። ዕቃውን በእንጨት ዘንግ ወይም በአሮጌ ጠርሙስ ላይ በድርብ ፕላስተር አጣብቀው ዘንጉን ይያዙ።

ደረጃ 6፦ ፕራይመር

ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚረጨው የመጀመሪያ ሽፋን፣ የሚመረጠው ለቀለሙ ሳይሆን ለቁሱ ነው። ባዶ ዚንክና ቆርቆሮ ላይ ብረቱን በጥቂቱ የሚነክስ አሲድ ያለበት የብረት ፕራይመር ይርጩ፤ ተራው የሞዴል ፕራይመር ልሙጥ የዚንክ ገጽ ላይ በጥፍር ይነሣል። ይህኑ የብረት ፕራይመር ግን ፕላስቲክ ላይ አይርጩ። ለጠንካራ ፕላስቲክ የሞዴል ፕራይመር ይበቃል። እንደ ሰም ለሚያዳልጠው ለስላሳ ፕላስቲክ በመጀመሪያ ለመኪና የፕላስቲክ ባምፐር የሚሸጠውን የማጣበቂያ ርጭት፣ ከዚያ ፕራይመሩን ይጠቀሙ።

*ከመርጨትዎ በፊት።* የቦታው ሙቀት ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በታች ይሁን። ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት አይርጩ። የርጭቱ ቆርቆሮ ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ የፈላ ውኃ ወይም እሳት ቆርቆሮውን ያፈነዳል። ውስጡ ያለችው ኳስ ድምፅ ማሰማት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይነቅንቁ።

*አረጫጨት።* ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ርጭቱን ከዕቃው ውጭ ይጀምሩ፣ ዕቃውን አቋርጠው ይለፉ፣ ከዕቃው ውጭ ያቁሙ። የመጀመሪያው ዙር ከሥሩ ያለው ብረት ገና የሚታይበት ጤዛ የመሰለ ይሁን። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቀው ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ይድገሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩትን ባዶ ቦታ ወዲያው ለመሸፈን የሚመጣው ጉጉት ነው ጠብታ የሚያፈሰው።

*ሲበላሽ፦*

– ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሻከረ ከሩቅ ረጭተዋል ወይም አየሩ ሞቋል፤ ሲደርቅ በቁጥር 1000 አለስልሰው አንድ ቀጭን ዙር ይጨምሩ።

– ከፈሰሰ አይጥረጉ። 24 ሰዓት ያድርቁ፣ ፍሳሹን በእርጥብ ቁጥር 600 ያስተካክሉ።

– ክብ ክብ ባዶ ዓይን ካወጣ ቅባት ቀርቷል፤ ማከል አያድነውም፣ አውርደው ከደረጃ 5 መጨረሻ ይጀምሩ።

– ከተሸበሸበ ከሥሩ የኢናሜል (የዘይት) ቀለም አለ፣ የርጭቱ ቲነርም ነክሶታል። እዚያም ማውረድ ብቻ ነው መፍትሔው።

*ፈተና።* 24 ሰዓት ካደረቁ በኋላ በሆዱ በኩል ፕላስተር አጥብቀው ለጥፈው በአንድ ጊዜ ይንቀሉት። ፕላስተሩ ላይ ግራጫ ከቀረ ይህ ዕቃ ለቀለም አልደረሰም። ፈተናውን መዝለል ያጓጓል፤ ነገር ግን ዛሬ የሚያስከፍልዎ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ከቀለምና ከምልክት በኋላ ቢሆን የሁሉንም ነው።

ደረጃ 7፦ መሠረታዊ ቀለም

በውኃ የሚቀጥነውን የአክሪሊክ ቀለም በጠብታ ውኃ አቅጥነው ወተት እስኪመስል ያምጡት፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ዙር አንድ ወፍራም ዙር የሚደብቀውን ዝርዝር ያድናል። እያንዳንዱ ዙር ሲነካ የማይቀዘቅዝ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ቀዝቃዛ ስሜት ውኃው ገና እየተነነ ነው ማለት ነው። ላከር (በቲነር የሚቀጥን ቀለም) ያለበትን ርጭት በኢናሜል ላይ አያድርጉ፣ ይሸበሸባል። የደረቀ ኢናሜል ላይ አክሪሊክ መቀባት ግን ይቻላል።

የቀለሙ ዓይነት ከሚያሰልፉት ጦርና ዓመት ጋር ይስማማ። የጀርመን ተሽከርካሪዎች እስከ 1943 መጀመሪያ በአብዛኛው ጥቁር ግራጫ ነበሩ፤ በየካቲት 1943 እ.ኤ.አ. በወጣው ትእዛዝ መሠረቱ ጥቁር ቢጫ ሆነ፣ በላዩም ቀይ ቡናማና የወይራ አረንጓዴ ይረጭ ነበር። የአሜሪካ ተሽከርካሪዎች የወይራ ቡናማ አረንጓዴ ናቸው፤ የብሪታንያም ከ1944 ጀምሮ ወደዚሁ ቀረበ። ትክክለኛውን ቀለም ከጠርሙሱ እንዳለ አይቀቡት። ትንሽ ዕቃ ከትልቁ ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ በጠረጴዛ ላይ ጠቁሮ ይታያል፤ ለሁለተኛው ዙር ጥቂት ቢጫማ ነጭ ወይም ቀላል ግራጫ ይጨምሩበትና በጣሪያውና በኮፈኑ መሀል ያሳልፉት።

ደረጃ 8፦ ምልክትና ጥላ

1. ምልክት የሚለጠፍበትን ቦታ በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይቀቡ፣ ያድርቁ። ማት (የማያብለጨልጭ) በሆነ ሻካራ ገጽ ላይ የተለጠፈ የውኃ ምልክት (በውኃ ከወረቀቱ የሚላቀቅ ተለጣፊ ምልክት) ከሥሩ አየር ይዞ እንደ ብር ያብለጨልጫል።

2. ምልክቱን በጠርዙ ተጠግተው ይቁረጡ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ያድርጉ፣ ከወረቀቱ ላይ በእርጥብ ብሩሽ አንሸራትተው ያስቀምጡ፣ ውኃውን በጥጥ ያድርቁ። አየር ከቀረ በመርፌ ጫፍ ወግተው የምልክት ማለስለሻ ፈሳሽ ይንኩት። ማለስለሻው ምልክቱን ሲያሸበሽበው አይደንግጡ፣ አይንኩትም፤ ሲደርቅ ራሱን ይዘረጋል።

3. ጥቁር ቡናማ ቀለም እጅግ አቅጥነው በመስመሮች፣ በሪቬቶች ዙሪያና በራዲያተሩ ውስጥ ብቻ በቀጭን ብሩሽ ያፍስሱ። መላውን ተሽከርካሪ ማጥለቅለቅ ጠፍጣፋ ጎኖች ላይ የውኃ ቀለበት ይተዋል። በኋይት ስፒሪት (የኢናሜል ማቅጠኛ) የቀጠነ ኢናሜል ከተጠቀሙ፣ ከሥሩ ያለው አክሪሊክ በደንብ እስከደረቀ ድረስ በጥጥ መጥረግ ይችላሉ፤ ለጀማሪ የምመርጠው ይህን ነው፣ ስሕተት ይታረማልና።

4. በደረቅ ብሩሽ ላይ ጥቂት ፈካ ያለ ቀለም ያንሡ፣ አብዛኛውን በወረቀት ላይ ይጥረጉ፣ ጠርዞቹን ብቻ በቀስታ ያሹ።

5. ለጭረት ጥቁር ቡናማ ቀለም የነካ ትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ ሰው በሚወጣበትና በሚወርድበት ቦታ ነካ ነካ ያድርጉ፦ መወጣጫ፣ የበር ጠርዝ፣ የፊት መከላከያ። ጣሪያ መሀል ላይ ጭረት አይኖርም። ጭቃው ከታች ወደ ላይ እየቀነሰ ይሂድ፣ ከጨዋታ ጠረጴዛዎ መሬት ጋርም ቀለሙ ይስማማ።

ደረጃ 9፦ ቫርኒሽና መግጠም

ሁሉም ቢያንስ ለሁለት ቀን ይድረቅ። በመጀመሪያ አንድ ቀጭን የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ሁለት ቀጭን ማት ቫርኒሽ ይርጩ። የሚያብለጨልጨው ዓይነት በአብዛኛው ይበልጥ ስለሚጠነክር መቧጨሩን የሚሸከመው እርሱ ነው፤ ማቱ ብልጭታውን ብቻ ያጠፋል። ለፕራይመር የተሰጠው የእርጥበት ገደብ እዚህም ይሠራል። ማት ቫርኒሽ እንደ ውርጭ ነጭ ሆኖ ከደረቀ በአየሩ እርጥበት ወይም ባልተነቀነቀ ቆርቆሮ ነው፤ በደረቅ ቀን ቀጭን የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በላዩ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ጭጋጉ ይጠፋል፣ ከዚያ እንደገና ማት ይርጩ።

መስኮቶቹ የሚገቡት ከቫርኒሽ በኋላ ነው። በሱፐር ግሉ አያጣብቋቸው፣ ጭሱ ግልጹን ፕላስቲክ ያነጣዋል፤ ነጭ የእንጨት ሙጫ ይበቃል። የተቧጨረ መስኮት በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል፤ ካልዳነ ከማሸጊያ ግልጽ ፕላስቲክ አዲስ ይቁረጡ። ከዚያ ወንበር፣ ጎማ፣ ሆድ፣ ብሎን። ብሎኑን እስኪይዝ ብቻ ያጥብቁ፤ የዚንክ ጥርስ በቀላሉ ይበላል። ከተበላ አንድ ጠብታ ኤፖክሲ ይተካዋል።

የታንክ መድፍ ማማ እንዲዞርና ለጉዞ እንዲነሣ ከፈለጉ ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ያጣብቁ። ሙጫው ከመድረቁ በፊት እርስ በርስ መሳሳባቸውን ያረጋግጡ፣ ፊታቸውን በጠቋሚ ብዕር ምልክት ያድርጉ። ሕፃናት ባሉበት ቤት ማግኔት አይጠቀሙ፤ ሁለት ማግኔት የዋጠ ሕፃን አንጀቱ በመካከላቸው ተጣብቆ ሊበሳ ስለሚችል ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ተሽከርካሪው በዕቃ መያዣው ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ ሳምንት ይቆይ። ቀለሙ በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ለስላሳ ነው፤ በስፖንጅ ውስጥ ቶሎ የተቀበረ መኪና የስፖንጁን ቀዳዳዎች ቅርጽ በጣሪያው ላይ ይዞ ይወጣል። ከመሠረታዊው ቀለም ድብልቅ ጥቂት በትንሽ ጠርሙስ አስቀርተው የተሽከርካሪውን ስምና የድብልቁን መጠን በላዩ ይጻፉበት፤ ጠርዝ ሲጫር በዚያው ቀለም ነክተው ማት ቫርኒሽ በብሩሽ ያስከትሉበታል።